የጎመኑ ትልና የአለምነህ ሰላምታ

ጎረቤላ፣ ጥር 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ሚስት ለኤልሮኢ፣

እንደምን ከርመሻል? የደብረ ብርሃን ብርድስ እንዴት ይዟችኋል? እኛ ዘንድ ውርጩ ከላይ ያለውን ባቄላ ለብልቦ እኔ ማሳ ሳይደርስ ቆመ፤ ተመስገን ነው። የላክሽልኝ ሻሽና ስኳር ደርሶኛል፤ እግዜር ይስጥልኝ። ወገብዎ እንዴት ነው ላልሽኝ፣ ጎንበስ ስል ይይዘኛል፣ ቀና ስል ይለቀኛል። እንዲህ ሆነን እንኖራለን።

ስልኩ ከተቋረጠ ወዲህ በመሠረተ ትምህርት ዘመን የለቀምኳት ፊደል ጠቀመችኝ። ሾፌሩ በላይ ሚኒባሱን ይዞ ወደ እናንተ በወጣ ቁጥር ወረቀት ሳላስይዘው አላሳልፈውም። እሱም ለምዶ፣ ከቤቴ በላይ ያለው ጥምዝ ላይ ሲደርስ ጥሩምባ ይነፋልኛል።

ዛሬ የጻፍኩልሽ ስለ ጎመኑ ነው። አለምነህ ለኅዳር ሚካኤል መጥቶ ቦዩን አውጥቶ፣ መደቡን አስተካክሎ የተከለልኝ ጥቅል ጎመን እስከ ገና ድረስ ዓይን የሚሞላ ነበር። አሁን ቅጠሉ ወንፊት ሆኗል። መጀመሪያ ቀዳዳ እንኳ አልነበረውም፤ እዚህም እዚያም ሳስቶ፣ በፀሐይ ሲያዩት እንደ መስታወት ማዶው ይታይ ነበር። ከዚያ መስታወቱ ተቀደደ። ቅጠሉን ስገለብጠው ቀጭን አረንጓዴ ትል አገኘሁ። ነካ ሳደርገው ወደ ኋላው ተፈራግጦ እንደ ሸረሪት በክር ተንጠልጥሎ ወረደ። ወደ ማታ በጎመኑ መሃል ስሄድ ደግሞ አመድ የመሰለ ትንንሽ የእሳት እራት ከእግሬ ሥር ብድግ ይላል።

እንግዲህ የልጄ ሥራ መድኃኒት መርጨት ነው። ከተማ ዳር ባለው የአትክልት እርሻ የሰው ጎመን ሲያድን ይውላል፤ የእናቱ በትል ሲያልቅ ዝም አይልም። አንድ ጠርሙስ በበላይ እጅ ይላክልኝ። ጾም ሲገባ ጎመን ይፈለጋል፤ ያን ጊዜ ባዶ እጄን እንዳልቀር።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ያለፉት ሁለት ደብዳቤዎች በአንቺ እጅ የተጻፉ ናቸው። «አለምነህ ሰላም ብሎዎታል» ትያለሽ። እሱ ለእናቱ አንድ መስመር መጻፍ ምነው ከበደው?

ታንጉት


ደብረ ብርሃን፣ ጥር 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ እማማ፣

ጤናዎን እንደምን ነዎት? ሁለቱም ደብዳቤዎችዎ በአንድ ቀን ደረሱኝ፤ መንገዱ ተዘግቶ ስለነበር በላይ ይዟቸው ሰንብቷል። መልሴ ስለዘገየ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ባለፈው ስለ ኪራይ ቤቱ ለጠየቁኝ፣ እንደምንም ይዘነዋል፤ እርስዎ አያስቡ።

አለምነህ ደህና ነው። እርሻው ላይ ጎመኑ የሚደርስበት ወቅት ስለሆነ ማልዶ ወጥቶ መሽቶ ይገባል፤ ብዕር የሚይዝበት ጊዜ የለውም። ሰላም ብሎዎታል። ቡሬን ደህና አድርገው ያብሉልኝ ብሏል።

ትሉ በክር ሲወርድ ማየትዎ ልክ ነው። እኔ የምሠራበት የሰብል ጥበቃ ላብራቶሪ ውስጥ እሱኑ ትል በብልቃጥ እያረባን እናጠናዋለን። አለምነህንም ያገኘሁት እርሻቸው ላይ ትል ስለቅም እንደነበር ያውቃሉ። ኑሮው እንዲህ ነው። እናቲቱ የእሳት እራት ፀሐይ ከገባች በኋላ ትወጣና በቅጠሉ ጀርባ፣ ጅማቱ ሥር እንቁላሏን እየነጠለች ትጥላለች። እንቁላሉ ቢጫ ነው፤ ከጤፍ ፍሬ ያንሳል፤ አጥብቀው ካልፈለጉት አያዩትም። የሚፈለፈለው ትል መጀመሪያ ቅጠሉ ውስጥ ገብቶ ይበላል፤ ያዩት መስታወት የሱ ሥራ ነው። ጠንከር ሲል ወጥቶ ቅጠሉን ይቦረቡራል። ሲጠግብ እዚያው ቅጠሉ ላይ እንደ ሻሽ የሳሳ መረብ በላዩ ሠርቶ ይተኛል። ያን ጊዜ አይበላም፣ አይንቀሳቀስም፤ በትምህርት ቤት ሙሽሬ ይሉታል። ከሙሽሬው የእሳት እራት ይወጣል፤ እሷም ደግማ እንቁላል ትጥላለች። እኛ ጋ ብርዱ ያዘገየዋል። እርስዎ ጋ ቁልቁል ስለሆነ ሙቀቱ ያፈጥነዋል።

ስለዚህ ለጊዜው ቅጠሉን እየገለበጡ ትሉንም መረቡንም በእጅዎ ይጨፍልቁት። የታችኛውን የተበላ ቅጠል ቆርጠው ይቅበሩት፤ ማሳው ዳር አይጣሉት። መድኃኒቱ ቢቆይ ይሻላል።

አክባሪዎ ኤልሮኢ


ጎረቤላ፣ የካቲት 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለኤልሮኢ፣

ሰላም ነሽ ወይ? እኔ አለሁ።

አለምነህ በልጅነቱ ወድቆ ተንቀጥቅጦ ያውቃል ወይ ብለሽ በቁራጭ ወረቀት ለላክሽው ጥያቄ፣ አያውቅም። ኩፍኝ ይዞት ነበር፤ ዳነ። ከዛፍ ወድቆ ክንዱ ወልቆ ነበር፤ ወጌሻ መለሰለት። ከዚያ ወዲህ ራሱን እንኳ አሞት አያውቅም። ወረቀቱ ላይ ሰላምታ እንኳ አልነበረም፣ ኤልሮኢ። ሰው ባል አግብታ ሦስት ዓመት ከኖረች በኋላ ይህን ከእናቱ የምትጠይቀው ለምንድን ነው? ጉድለት እየፈለግሽበት ከሆነ ንገሪኝ። ከወላጆቹ ዘር እንዲህ ያለ በሽታ የለም።

ሌላም አለ። ቡሬን ደህና አድርገው ያብሉልኝ ብሏል አልሽኝ። ቡሬ አምና ለፋሲካ ተሸጧል። ገበያ ነድቶ ያስረከበው አለምነህ ራሱ ነው። ሲመለስ ፊቱን አዙሮ ሲያለቅስ አይቼው እንዳላየ ሆኛለሁ። ልጄ ያለቀሰበትን በሬ አይረሳም። ያላለውን እንዳለ አድርገሽ እየጻፍሽልኝ ነው፤ ይህን ይዣለሁ።

ትሉን እንዳልሽኝ አደረግሁት። ከጎረቤት ሁለት ሴቶች አግዘውኝ ቅጠል ስንገለብጥ ሰነበትን፤ ጣታችን አረንጓዴ ሆነ። ሙሽሬ ያልሽውንም አየሁት። እውነትም በሻሽ የተሸፈነ ይመስላል። እኛም ቤት ሙሽራ ተሸፍና ነው የገባችው፤ ምን ዓይነት ሰው እንደሆነች የሚታወቀው ከተገለጠች በኋላ ነው። ትሉ ጠፋ ብለን እፎይ ስንል ደግሞ መጣ፣ ይልቁንም በዝቶ።

ከቦዩ ማዶ ያለው ገብረ ሕይወት ልጁ ከአዲስ አበባ መድኃኒት ልኮለት ይረጫል። እኔ ግን ባለመድኃኒት ልጅ እያለኝ ቁጭ ብዬ በጣቴ ትል እፈጫለሁ። አገር ይስቅብኛል። ጠርሙሱን ላኪ። አለምነህም በእጁ ይጻፍ።

ታንጉት


ደብረ ብርሃን፣ የካቲት 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ እማማ፣

እንደምን ሰነበቱ? ቁጣዎ ገብቶኛል፤ እግርዎ ላይ ወድቄ ይቅርታ እጠይቃለሁ። የበሬውን ነገር የተሳሳትኩት እኔ ነኝ። አለምነህ ስለ ቡሬ ብዙ ያወራኝ ስለነበር አሁንም ያለ መስሎኝ ጻፍኩት። ሰላምታውን ለማሳመር ብዬ ነው። ስለ ልጅነቱ የጠየቅሁዎትም ለክፋት አልነበረም፤ ጉድለት አልፈለግሁበትም። ከዚህ በላይ እንዳብራራ አያስገድዱኝ።

አሁን እርሻው ወደ ሌላ ቦታ ልኮታል። ሲመለስ ይጽፍልዎታል።

ትሉ ተመልሶ የመጣው እርስዎ ሰንፈው አይደለም። በእጅዎ የገደሉት ትሉንና ሙሽሬውን ነው፤ ጅማቱ ሥር የነበረው እንቁላል አልታየዎትም። ከማዶው ከገብረ ሕይወት ማሳም የእሳት እራቷ በየማታው ትሻገራለች። ሳይሰለቹ መልሰው መላልሰው ይግለብጡት። ከመረቡ ውስጥ አንዳንዱ ጠቁሮና ጠንክሮ ካዩት አይግደሉት። ትንሽ ተርብ ትሉ ሰውነት ውስጥ እንቁላል ጥላበት ነው፤ ከዚያ የሚወጣው የእሳት እራት ሳይሆን ተርብ ነው። እሷ የእርስዎ ወገን ናት። መድኃኒት ሲረጭ መጀመሪያ የምትሞተው እሷ ናት። የበልግ ዝናብ ከጣለም ብዙውን ትል ከቅጠሉ ላይ አጥቦ ይጥልልዎታል።

ይህ ትል መድኃኒት ለምዷል፣ እማማ። ዛሬ ተረጭቶ የተረፈው ነገ የሚወልደው በዚያው መድኃኒት አይሞትም። ሰው ይህን ሲያይ መጠኑን ይጨምራል፤ አልሆን ሲለው ሁለቱን ያደባልቃል። እኔ ጠርሙስ አልልክም። ቢቆጡኝም፣ ስሜን ቢያነሱም አልልክም። ስስታም ነች ብለው ያስቡኝ።

አለምነህ ሰላም ብሎዎታል።

ኤልሮኢ


ጎረቤላ፣ የካቲት 27 ቀን 2017 ዓ.ም.

ኤልሮኢ፣

ሰላምታ የለኝም።

ወንድሜን ኃይለሚካኤልን ደብረ ብርሃን ልኬው ነበር። ሳትሰሚ እንዲደርስ ብዬ ነው። ቤታችሁን ሲያንኳኳ ሌላ ሰው ከፈተለት። አከራይዋ በጥር ወር ለቀዋል አለችው፤ ፍራሹን በባጃጅ ጭና የወጣችው ሴትዮዋ ናት፣ ባልየውን አላየሁትም አለችው። አንቺ ግን በጥር እንደምንም ይዘነዋል ብለሽ ጽፈሽልኛል። ከዚያ እርሻው በር ሄደ። ዘበኛው አለምነህ የሚባል ሠራተኛ የለንም ብሎ መለሰው። በመጨረሻ መሥሪያ ቤትሽ መጣ። በር ድረስ ወጥተሽ፣ ዓይኑን ሳታዪ «ደህና ነው፣ ሥራ ላይ ነው» ብለሽ፣ ሽማግሌ ሰው ቁጭ በል እንኳ ሳትዪው ተመለስሽ።

ልጄን የት ነው ያደረግሽው? ከድቶሽ ሄዶ ከሆነ እሱን ንገሪኝ። ታስሮ ከሆነ ንገሪኝ። በረሃ አቋርጦ ዓረብ አገር ሄዶ ከሆነም ንገሪኝ። ሞቶ ከሆነ ደግሞ ያለ ለቅሶ ያስቀረሽብኝን ቀን እግዜር ይፈርደዋል። ሳልተኛ የማድረው ይህን ሁሉ በየተራ ሳስብ ነው።

የማኅበሩ ቀን ሰው ሁሉ ባለበት ተናግሬያለሁ። የሰው አገር ልጅ ናት፣ ከሆሳዕና መጥታ ማን እንደሆነች ሳናውቅ ልጄን ሰጠናት፣ በላችው አልኩ። ሽማግሌ ተመርጧል። ጾሙ ሳይጋመስ ይመጡብሻል።

ጎመኑን ከአንቺ አልጠብቅም። የመጠቅለያው ጊዜ ደርሷል፤ እምብርቱ ከተበላ ምንም የለም። ገብረ ሕይወት ከሁለቱም ዓይነት መድኃኒት የተረፈውን ሰጥቶኛል፤ አንዱ ብቻውን አይገድልም፣ ቀላቅለሽ እርጪ ብሎኛል። መርጫውንም አውሶኛል። ቅዳሜ ጠዋት ራሴ በጀርባዬ ተሸክሜ እረጨዋለሁ። ከእንግዲህ ደብዳቤሽን አልቀበልም።

ታንጉት


ደብረ ብርሃን፣ የካቲት 28 ቀን 2017 ዓ.ም.

እማማ፣

መድኃኒቱን አይንኩት። ነክተውት ከሆነ ልብስዎን አውልቀው በሳሙናና በብዙ ውኃ ይታጠቡ፤ ከዚያ ይህን ያንብቡ። በላይን ሳያነብልዎ እንዳይመለስ አስምዬዋለሁ።

አለምነህ አልሞተም። አልታሰረም፣ አልከዳኝምም። አለምነህን የጣለው እርስዎ ቅዳሜ ሊረጩት ያሰቡት ነገር ነው።

ከገና በፊት ባለው ሳምንት ነው። እርሻው ላይ ትሉ አልሞት ብሎ አስቸግሯቸው ነበር። አለቃው ሁለቱን ቀላቅላችሁ እርጩ አላቸው። ነፋስ ነበር። አለምነህ ፊቱን የሸፈነው በፎጣ ብቻ ነው፤ ፎጣው ርሶ አፍንጫው ላይ ተለጥፎ ዋለ፤ መርጫውም ጀርባው ላይ ያንጠባጥብ ነበር። ቤት ሲገባ ላብ አጥምቆታል፣ ምራቁን መዋጥ አልቻለም። የበላው ነገር መስሎኝ ወተት ሰጠሁት። እኔ፣ እማማ፣ ስለ መድኃኒቱ ከወረቀት የማውቀው፣ የባሌን ልብስ ሳላወልቅ ወተት ሰጠሁት። ከዚያ ወድቆ ተንቀጠቀጠ። ጎረቤት ተሸክሞ ሆስፒታል አደረሰልኝ። ትንፋሹን እስኪመልሱለት ድረስ ያየሁትን ልጽፍልዎ አልችልም።

ሲነቃ መጀመሪያ ያለኝ ይህን ነው። «ለእማዬ እንዳትነግሪያት። ማዪልኝ።» የባሰ እንዳይሆን ፈርቼ ማልኩለት። «አባቴ የሞተ ዕለት የነበረውን ፊቷን ደግሜ ማየት አልፈልግም። ድኜ በእግሬ ሄጄ ራሴ እነግራታለሁ» አለኝ። ዳነ መስሎን ነበር። ጥር ላይ ግን እግሩ ይዝል ጀመር። ሌላ ሐኪም አየውና በልጅነቱ የሚጥል በሽታ ነበረበት ወይ ብሎ ጠየቀኝ፤ ያን ቁራጭ ወረቀት የጻፍኩት እዚያው ሆስፒታል አግዳሚ ላይ ነው። አሁን ያለ ሰው መቆም አይችልም። እጁም ይንቀጠቀጣል። ቤቱን ለቅቀን ሆስፒታሉ አጠገብ አንድ ክፍል ይዘናል። እርሻው ስሙን ሰርዞታል።

ሰላምታውን እኔ ነበርኩ የምጽፈው። እሱ «ደህና ነው በያት» ብሎ ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞራል፤ የቀረውን እኔ እሞላለሁ። በሬውንም እንዲያ ነው የጻፍኩት።

ወንድምዎን ቁጭ ይበሉ ያላልኩት ቁጭ ካሉ ስለማለቅስ ነው። በማኅበር መሃል የሰው አገር ልጅ ማለትዎ ግን ልቤ ውስጥ ገብቷል። አልደብቅዎትም። ዛሬ መሐላዬን አፍርሻለሁ፤ አለምነህ ይህን ሲያውቅ ምን እንደሚለኝ አላውቅም። ይጥላኝ። እርስዎ መርጫውን ያውርዱት።

ኤልሮኢ


ጎረቤላ፣ የካቲት 30 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ ኤልሮኢ፣

በሕይወት አለሁ።

በላይ ጥሩምባውን ሲነፋ ሰምቼ ነበር፤ አልወጣሁም፣ ከአንቺ ወረቀት አልቀበልም ብዬ ምያለሁ። እሱ ሚኒባሱን ከነተሳፋሪው አቁሞ ማሳው ድረስ ወረደ። አንዱን መደብ ጨርሼ ሁለተኛውን ጀምሬ ነበር። ጉሮሮዬን ይከረክረኛል፣ ዓይኔ ያለቅሳል፤ የጭንቄ ነው ብዬ አልቆምኩም። «እትዬ ታንጉት፣ ይህን ሳላነብልዎ አልሄድም» አለኝ። እጄ ርጥብ ስለነበር አንብብ አልኩት። ቆሜ ሰማሁ። ገብረ ሕይወትም ቦዩ ዳር ቆሞ ይሰማ ነበር።

በላይ አንብቦ ሲጨርስ ገብረ ሕይወት መጥቶ መርጫውን ከጀርባዬ አወረደልኝ። ሴቶቹ ቤት አስገብተው ልብሴን አውልቀው ገላዬን ሦስቴ አጠቡኝ። ሌሊቱን አስታወከኝ፤ ጠዋት ለቀቀኝ። ገብረ ሕይወት የረጨውን ጎመን ዛሬ ገበያ ሊያወርድ ጭኖ ነበር፤ አራገፈው። እሱም በልጁ የተላከለት ነገር ነው፣ ምን ብዬ ልፍረድበት።

አሁን የእኔን ስሚ። እግዜር ይቅር በለኝ፣ ልጄን ሸጠሽው እስከማለት አስቤብሻለሁ። ያልሽኝ ሁሉ ላይ ሌላ ነገር ሳይ ከረምኩ። የቡሬን ውሸት ካገኘሁ በኋላማ እውነትሽንም እንደ ውሸት ነው ያነበብኩት። ማኅበሩ የሚቀጥለው ሲሰበሰብ እዚያው ሰው ፊት ቆሜ የተናገርኩትን አነሳለሁ። ኃይለሚካኤልንም ይዤው እቆማለሁ። ሽማግሌዎቹ ቀርተዋል።

በመሐላው አትጨነቂ። ኃጢአቱን እኔ ወስጄዋለሁ፤ ንስሐ አባቴን አናግሬያቸዋለሁ። ለአለምነህ ምንም አትንገሪው። ሰኞ ከበላይ ጋር እመጣለሁ፣ ራሴ እነግረዋለሁ። ፊቴን ማየት ካልፈለገ ዓይኑን ይጨፍን። አንቺ ሥራሽን መተው አትችዪም፤ ብቻሽን እስከመቼ ታነሺዋለሽ፣ ታስተኚዋለሽ? ከፈቀድሽ እኔ ዘንድ ይምጣ። ካልፈቀድሽም አልቀየምሽም፤ ባልሽ ነው።

ታንጉት


ደብረ ብርሃን፣ ሚያዝያ 26 ቀን 2017 ዓ.ም.

እማማ፣

እንዴት ከረማችሁ? ለአለምነህ የላክሁት የመደገፊያ በትርና የሐኪሙ ክኒን እንደደረሰ በላይ ነግሮኛል። በዓሉን ያለ እኔ በመዋላችሁ ይቅርታ፤ ፈቃድ አልሰጡኝም።

እርስዎ ጋ ከሄደ ወዲህ ሦስት ደብዳቤ ጽፈውልኛል። ሦስቱም ላይ «አለምነህ ደህና ነው» ይላል። እማማ፣ አይቆጡኝ፤ ያንን ቃል አላምነውም። እኔ ራሴ ስጽፈው ከርሜያለሁና ምን እንደሚሸፍን አውቃለሁ። እንዳልሰጋ ብለው አስበውልኝ ይሆናል። እኔ ግን ደህና ነው የሚለውን ባነበብኩ ቁጥር ሌሊቱን በሙሉ ያልተጻፈውን እገምታለሁ። እሱ አትንገሪያት ብሎዎት ይሆን? ወይስ እኔን ከዚህ ቀደም ስለዋሸሁ እየቀጡኝ ነው?

እንዲህ ማሰብ ጥሩ አይደለም፤ ግን አሰብኩት። ስለዚህ ጻፍኩት። እግሩ፣ እጁ፣ ምግቡ እንዴት ነው፣ እኔንስ ተቀይሞኛል ወይ? የጠየቅሁዎትን ሁሉ፣ ክፉም ቢሆን፣ እንዳለ ይጻፉልኝ።

ኤልሮኢ


ጎረቤላ፣ ግንቦት 21 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ ኤልሮኢ፣

እውነትሽን ነው፤ ሸፍኜብሻለሁ። ለቅጣት አልነበረም። በጠየቅሽኝ ቅደም ተከተል እመልስልሻለሁ።

ቀኝ እግሩ ከመጣ ጊዜ ይሻላል። ግራው ያው ነው፤ ጣቶቹን ስቆነጥጠው ዘግይቶ ነው የሚሰማው። እጁ ጠዋት ጠዋት ይንቀጠቀጣል፣ ከሰዓት በኋላ ይረጋለታል። ይበላል። መጋቢት ላይ ለብዙ ቀን ሰው አላናግርም ብሎ ተኝቶ ነበር፤ ያን ጊዜ ነው ደህና ነው ብዬ የጻፍኩልሽ። አንቺን አምርሮ አልተቀየመም። መጀመሪያ ቀን «ነገረችሽ?» አለኝ። ከዚያ «ምን አማራጭ ነበራት» አለ።

የጎመኑን ልንገርሽ። የተረጨውን መደብ ነቅዬ ቀበርኩት። የቀረውን መግለበጥ ቀጠልን። በልጉ በመጋቢት መጨረሻ ሲጥል እንዳልሽው ትሉን አጠበው፤ ጠዋት ስሄድ ጭቃው ላይ ወድቆ አየሁት። ውጭ ውጭው የተበጣጠሰ፣ ውስጡ ግን የተጠቀለለ ትንንሽ ጎመን ተረፈልን። ዋጋው ጾሙ ላይ እንደሚሆነው አልሆነም፤ ግን በላነው፣ የተረፈውንም ሸጥን። ቦታው ላይ ባቄላ ዘርተናል። ጎመን ጎመንን ተከትሎ እንዳይተከል ያለው አለምነህ ነው።

እሱ አልጋው አጠገብ በብልቃጥ ትል ያረባል። አንቺ ላብራቶሪ እንዳየው አድርጎ አፉን በጨርቅ አሰረው፣ ቅጠል እየለወጥኩ የማስገባለት እኔ ነኝ። ሁለቱ መረብ ሠርተው ተኙ። ከአንዱ የእሳት እራት ወጣ፤ ክንፉን ሲያጥፍ ጀርባው ላይ ነጭ ጥልፍ አለው፣ ከቅርብ ሲያዩት ያምራል። ከሁለተኛው ተርብ ወጣች። አለምነህ ከመታመሙ በፊት እንደሚስቀው ሳቀ። ማሳው ላይ ልቀቂያት አለኝ፤ ለቀቅኳት።

አሁን የዛሬውን። ጠዋት ከደጃፍ እስከ ባቄላው ጫፍ ብቻዬን እሄዳለሁ ብሎ በትሩን ይዞ ወጣ። አልከለከልኩትም። ደረሰ። ሲመለስ ቦዩን ሊሻገር ሲል ግራ እግሩ ከዳውና በግንባሩ ወደቀ። ልሮጥለት ስል በእጁ ቁሚ አለኝ። ቆምኩ። ራሱ ተነሳ፤ ግን ብዙ ጊዜ ፈጀበት፣ ሁለቴም ተመልሶ ተቀመጠ። ግንባሩ ተጭሯል፣ ደምቷል፤ አጥቤ አስሬለታለሁ። ሐኪሙ አንድ ዓመት ሊፈጅ ይችላል፣ ላይመለስም ይችላል ያለውን ያውቃል። ቤት ከገባ በኋላ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ «ለኤልሮኢ እንዳትጽፊላት» አለኝ። «እጽፍላታለሁ» አልኩት።

ይህን ስጽፍ ዞሮ ያየኛል። ምን እንደምጽፍ ያውቃል፣ አልከለከለኝም። አሁን ብቻ «የግንባሬን አታጋኚው» አለኝ።

አላጋነንኩም። ቁስሉ የአውራ ጣት ስፋት ነው።

ታንጉት